የእርዳታ ጉዞ ማስታወሻን በንባብ ክበብ መወያየት፦ ከሰሜን ሸዋ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደብረ ብርሃን ላይ የንባብ ክበብ ከሚያስተባብሩት ሰዎች አንዱ ነኝ። ሰሞኑን የያዝነው የእርዳታ ሠራተኞች የጻፏቸውን የጉዞ ማስታወሻዎች ነው። ከደብረ ሲና፣ ከሸዋ ሮቢት፣ ከመሐል ሜዳ «እኛም ልንሞክረው አስበናል፤ እንዴት አድርጋችሁ ነው የምትወያዩት?» የሚል ጥያቄ በዛብን። ለእያንዳንዱ በስልክ ከማስረዳት አንዴ ጽፎ መገላገል ይሻላል አልን። ጥያቄዎቹን ያስቀመጥኩት እንደመጡልን ነው።

የእርዳታ ጉዞ ማስታወሻ የምትሉት ምን ዓይነት መጽሐፍ ነው?

ሐኪም፣ ነርስ፣ የቀይ መስቀል ተወካይ፣ አንዳንዴም መሐንዲስ ጦርነት ወይም ረሃብ ወዳለበት አገር ሄዶ ያየውን የሚጽፍበት ነው። የጉዞ ትረካም አለው፣ የሕይወት ታሪክም አለው፣ ምስክርነትም አለው። እነዚህ ሦስቱ በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ሁልጊዜ አይስማሙም። ለውይይት የሚጥመውም ለዚህ ነው።

የዘውጉ አባት ሄንሪ ዱናን የሚባል የስዊዘርላንድ ነጋዴ ነው ብንል ብዙ አንሳሳትም። እ.ኤ.አ. በሰኔ 1859 ሰሜን ጣሊያን፣ ሶልፌሪኖ አካባቢ ሲደርስ ሰው ልርዳ ብሎ አልነበረም። አልጄሪያ ውስጥ የያዘው ንግድ ተበላሽቶበት ናፖሊዮን ሣልሳዊን ደጅ ሊጠና ነበር የሄደው። ውጊያው አልቆ በሺዎች የሚቆጠሩ ቁስለኞች ያለ ረዳት ወድቀው አገኘ። ካስቲሊዮኔ በምትባል ከተማ ከአካባቢው ሴቶች ጋር ሆኖ ቁስል ሲያጥብ፣ ውሃ ሲያጠጣ ሰነበተ። በ1862 ያየውን ጽፎ በራሱ ገንዘብ አሳተመ። በዓመቱ የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ ተመሠረተ፤ በ1864 የመጀመሪያው የጄኔቫ ስምምነት ተፈረመ። አንድ ቀጭን መጽሐፍ ይህን ሁሉ ሥራ ሠራ። ሰውየው ግን ንግዱ ከሰረና በድህነት ኖረ። በ1901 የመጀመሪያው የኖቤል የሰላም ሽልማት ለሁለት ሰው ሲሰጥ ከሁለቱ አንዱ እሱ ነበር።

ለሰሜን ሸዋ ሰው ይህ ርዕስ አይከብድም? ቀለል ያለ ልብ ወለድ አይሻልም?

ይከብዳል። ልብ ወለዱም የትም አይሄድም፣ ይደርሳል። ግን እንዲህ ያለውን መጽሐፍ እንደኛ አካባቢ ሰው በሁለት ወገን ማንበብ የሚችል ብዙ የለም።

ሲጻፍብን ኖረናል። እ.ኤ.አ. በ1841 ሻምበል ሃሪስ የተባለ የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድኑን አስከትሎ አንኮበር፣ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ መጣ። ከዓመት በላይ ተቀመጠ። አገሩ ሲገባ ሦስት ቅጽ መጽሐፍ ጻፈብን። ለታሪክ አጥኚ ዛሬም የሚጠቅም ብዙ ነገር አለው፤ አገሬውን ቁልቁል የሚያይበት ዓይንም ገጽ በገጽ ይታያል። ሃሪስ ዲፕሎማት እንጂ እርዳታ ሰጪ አልነበረም። እሱን የማነሳው አንባቢዎቹ ለንደን እንጂ አንኮበር ስላልነበሩ ነው። አብዛኛው የእርዳታ ማስታወሻም እንደዚያው ነው። ስለኛ ይጻፋል፣ ለኛ አይጻፍም። እኛ ቁጭ ብለን ስናነበው ያልተጠበቀ አንባቢ ገባበት ማለት ነው። ውይይቱ የሚጣፍጠው ከዚህ ላይ ነው።

ደግሞ መንገዱ አለ። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ደብረ ብርሃን፣ ከዚያ በጣርማ በር ቁልቁል ደብረ ሲና፣ ሸዋ ሮቢት፣ እያለ ደሴ። በ1966ም በ1977 ዓ.ም.ም ረሃብ ከአዲስ አበባ በመኪና ወደ ወሎ የወጣ የእርዳታ ሠራተኛ በኛ ደጅ ነው ያለፈው። በመጽሐፋቸው ውስጥ ለኛ የምትደርሰን ብዙ ጊዜ አንዲት መስመር ናት፤ ያቺም ስለ ብርዱ ናት። ብርዱስ እውነታቸውን ነው።

ዛሬም ከቀያቸው የተፈናቀሉ ወገኖች ደብረ ብርሃን ዙሪያ በመጠለያ ይኖራሉ። ስለዚህ የምናነበው የሩቅ አገር ወሬ አይደለም።

የትኛውን መጽሐፍ እንምረጥ?

ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ኢትዮጵያን የሚነካ ይሁን። አንባቢው የሚያውቀው አገር ሲሆን ጸሐፊው የት እንዳጋነነ፣ የት እንደዘለለ በቀላሉ ይነቃበታል።

እኔ የምመክረው የማርሴል ዡኖን ነው። ስዊዘርላንዳዊ ሐኪም ነበር። በጣሊያን ወረራ ጊዜ፣ በ1928 ዓ.ም.፣ የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ ሲድኒ ብራውን ከሚባል ባልደረባው ጋር ወደ ኢትዮጵያ ላከው። የቀይ መስቀል ምልክት ያለባቸው ድንኳኖች በቦምብ ሲመቱና በመርዝ ጋዝ ቆዳው የተላጠ ሰው ሲያቃስት ያየ ሰው ነው። ከዚያ ወደ ስፔን የእርስ በርስ ጦርነት፣ ከዚያ ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሄደ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1945 ወደ 15 ቶን መድኃኒት ይዞ ሂሮሺማ ከገቡት አንዱ ነው። ማስታወሻውን እ.ኤ.አ. በ1947 በፈረንሳይኛ አሳተመ፤ እንግሊዝኛውም አለ። ሙሉውን ለማንበብ ጊዜ ካጣችሁ የኢትዮጵያው ክፍል ብቻውን ለአንድ ውይይት ይበቃል።

መጽሐፉን በአማርኛ ካላገኘነውስ?

ብዙ ጊዜ አታገኙትም። እኛ እንዲህ እናደርጋለን፤ እንግሊዝኛ የሚያነቡት አባላት ምዕራፍ ይከፋፈላሉ፣ በዕለቱ እያንዳንዱ ያነበበውን በአማርኛ ይተርካል። ግን ሁለት ነገር እንለምናለን። ተራኪው መጀመሪያ ጸሐፊው ያለውን ይናገር፣ የራሱን አስተያየት በኋላ ያምጣ። ካልሆነ የማን ሐሳብ ላይ እየተከራከራችሁ እንደሆነ ይጠፋባችኋል። ሁለተኛ፣ ከምዕራፉ አንድ አንቀጽ መርጦ ቃል በቃል ተርጉሞ ጽፎ ይምጣ። የጸሐፊውን ድምፅ የምትሰሙት ከዚያች አንቀጽ ላይ ነው።

የስልክ መተርጎሚያው ለአንድ ለሁለት ቃል ደህና ነው። ሙሉ ምዕራፍ ስትሰጡት ግን ምፀቱን ይበላዋል። ምፀት የሌለበት የእርዳታ ማስታወሻ ደግሞ ሪፖርት ነው።

ሁሉም አንብቦ ካልመጣስ?

አይመጣም። ቢያንስ ያቺ የተመረጠች አንቀጽ ሁሉም እጅ ትግባ። ያላነበበ ሰው መጠየቅ ይችላል፣ መፍረድ ግን አይችልም። ደንቡ ይኸው ነው፤ ሲጣስም ሳቅ አለ።

የት፣ ስንት ሰው፣ ስንት ሰዓት?

ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ሰው። ሁለት ሰዓት ይበቃል። ቡና ይፈላ፣ ቆሎ ይቅረብ፣ ሌላ ድግስ አያስፈልግም። ቆላ ያላችሁ እንደፈለጋችሁ፤ ደብረ ብርሃንና መንዝ ያላችሁ ግን ጋቢ ይዛችሁ ኑ በሉ፣ ብርድ የያዘው ሰው ቶሎ ይስማማል። ሳይመሽ ጨርሱ። ሰው ቤቱ ለመግባት እያሰበ የሚናገረው ነገር ግማሹ ልቡ ውጭ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። በኛ ባህል ጋሼ ከተናገሩ በኋላ ወጣቱ «እሳቸው እንዳሉት» ብሎ ይቀመጣል። ስለዚህ ዙሩን ሁልጊዜ ከታናሹ አስጀምሩ። ትልልቆቹ አይቀየሙም፤ እንዲያውም የሚያርሙት ሲያገኙ ደስ ይላቸዋል።

ውይይቱን በምን ጥያቄ እንጀምር?

«ወደዳችሁት?» አትበሉ። «አዎ» እና «አይ» ተብሎ ያልቃል።

እኛ በወረቀት ነው የምንጀምረው። አንድ ትልቅ ወረቀት ግድግዳው ላይ ይለጠፋል፣ መሀሉ ላይ መስመር ይሰመራል። በግራ በኩል በምዕራፉ ውስጥ በስም የተጠሩ ሰዎች ይጻፋሉ። በቀኝ በኩል ያለ ስም የመጡት፦ «አንዲት እናት»፣ «ሽማግሌው»፣ «ሾፌራችን»፣ «ዓይኗ ያበጠ ልጅ»። ወረቀቱ ሲሞላ ማንም ሳያብራራው ራሱ ይናገራል። በአንድ ባነበብነው ምዕራፍ የጸሐፊው ውሻ ስም ነበረው። ከማለዳ እስከ ማታ አብሮት የሚውለው አስተርጓሚ ግን አልነበረውም።

ከዚያ ጥያቄው ይከተላል። በቀኝ በኩል ካሉት ሰዎች የሚናገር አለ? ሲናገርስ ምን ይላል፣ ከማመስገንና ከመለመን ሌላ? እንግዳው ከመድረሱ በፊት እነዚህ ሰዎች እርስ በርስ ምን እያደረጉ ነበር? ቁስለኛን ማን ተሸክሞ አመጣው? መጨረሻ ላይ ያለችው ጥያቄ በኛ ክበብ ብዙ አስወርታለች። ምክንያቱም በብዙ ማስታወሻ ውስጥ በሽተኛው የሚጀምረው ከድንኳኑ በር ነው። ሁለት ቀን ሙሉ በቃሬዛ ተሸክመው ዳገት ያወጡት ጎረቤቶቹ ከመጽሐፉ ውጭ ይቀራሉ። መንዝ ያደገ ሰው በቃሬዛ በሽተኛ ማውጣት ምን ማለት እንደሆነ አይነገረውም። ተሸካሚ በየስንት እርምጃው እንደሚቀያየር፣ ቁልቁለቱ ከዳገቱ ይልቅ ጉልበት እንደሚያንቀጠቅጥ፣ ወንዝ ላይ በሽተኛው እንዳይረጥብ ቃሬዛው ከራስ በላይ እንደሚያዝ ያውቃል። ያንን የሚያውቅ አባል ሲናገር መጽሐፉ ያልነበረው ምዕራፍ ይጨመርለታል።

ቶሎ ብላችሁ ግን አትፍረዱ። በጦርነት መሀል የሰውን ስም መጻፍ ሰውየውን ማስገደል ሊሆን ይችላል። ጸሐፊው ስም የዘለለው ለጥንቃቄ ነው ወይስ ስላልጠየቀ? አንዳንዱ መግቢያው ላይ ራሱ ይነግራችኋል። ካልነገራችሁ ከአጻጻፉ ይታወቃል፤ ለጥንቃቄ ስም የደበቀ ሰው መልኩን፣ ጠባዩን፣ ቀልዱን አይደብቅም።

ጸሐፊው ራሱን ጀግና አድርጎ ሲያቀርብ ዝም እንበል?

ዝም አትበሉ፤ ግን ፈረንጅ መስደብ ቀላል መሆኑንም እወቁ። ሞቅ ያለ ሐሜት ለአንድ ሰዓት ይበቃል፣ ስትወጡ ግን ባዶ እጃችሁን ነው። አንድ ሰው «ይሄ ሰውዬ ራሱን ይወዳል» ካለ «የትኛው ገጽ ላይ?» በሉት። ገጹ ይገለጥ፣ ይነበብ። ብዙ ጊዜ ፍርዱ ይለዝባል፣ አንዳንዴም ይብሳል። ሁለቱም ጥሩ ነው።

ከዚህ ጋር የማነሳው የክሌር በርሺንገርን ነገር ነው። በ1977 መቀሌ ላይ የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ ነርስ ነበረች። ምግቡ ለሁሉም ስለማይበቃ ከተደረደሩት ብዙ ሕፃናት መሀል ወደ መመገቢያው የሚገቡትን ጥቂቶች የምትመርጠው እሷ ነበረች። በኋላ በጻፈችው ማስታወሻ ላይ ያ ነገር ምን ያህል ዘመን እንዳሳደዳት ታነሳዋለች። ሰዎች ይህን ሲሰሙ ወዲያው «እናንተ በእሷ ቦታ ብትሆኑስ?» ብለው ይጠይቃሉ። እኔ ይህን ጥያቄ አልወደውም። ሁሉም ይተክዛል፣ «ከባድ ነው» ይላል፣ ያልቃል። ሌላ ጠይቁ። አንዲት ወጣት ነርስ ብቻዋን ሕፃን እንድትመርጥ ያደረጋት ምንድን ነው? ምግቡ ለምን ዘገየ? ማን ያውቅ ነበር፣ ከመቼ ጀምሮ? ያልተመረጡት ልጆች እናቶችስ ምርጫውን እንዴት አዩት? የመጨረሻውን የሚመልስ መጽሐፍ ካገኛችሁ ለኛም ጠቁሙን።

የጻፈው እውነት መሆኑን በምን እናውቃለን?

ማስታወሻ የአንድ ሰው ትዝታ ነው። ትዝታ ቀን ያምታታል፣ ሁለት ሰው አንድ ያደርጋል። ያ ውሸት አይባልም። የሚያሳስበው ትልልቁ ነገር ሲዛባ ነው።

ቀላሉ መንገድ አንድ አባል የታወቁ ቀኖችን ይዞ እንዲመጣ ማድረግ ነው። ለምሳሌ ለ1928ቱ ጦርነት፦ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል የተመሠረተው ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. ነው፣ ጦርነቱ ሊጀምር ጥቂት ወራት ሲቀሩት። ደሴ ከነሆስፒታሏ የተደበደበችው ኅዳር 26 ቀን 1928 ነው። በደቡብ ግንባር መልካ ዲዳ ላይ የስዊድን ቀይ መስቀል ሆስፒታል የተመታው ታኅሣሥ 20 ቀን። እነዚህን ደርድራችሁ መጽሐፉን አጠገባቸው ስታስቀምጡ የጸሐፊው ዓይን የት እንደነበረ ይታያል። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ገና የስድስት ወር ጨቅላ እያለ ምን ያህል ጉዳይ እንደተጫነበትም ያኔ ነው የሚገባችሁ። ቀን ስትለዋወጡ ብቻ ተጠንቀቁ። በፈረንጅ አቆጣጠር የተጻፈውን ከኛው ጋር እያምታቱ የተጣሉ አባላት አይቻለሁ።

ከአባላቱ መካከል ራሱ የተፈናቀለ፣ ወይም በ1977 የእርዳታ ሰልፍ ላይ የቆመ ቢኖርስ?

ሊኖር ይችላል ብላችሁ አትዘጋጁ፤ አለ ብላችሁ ተዘጋጁ። በ1977 ረሃቡ ሰሜን ሸዋንም ነክቷል። ስለ ቅርቡማ ምን ልበላችሁ።

ማንንም «አንተ ታውቀዋለህ፣ እስቲ ንገረን» አትበሉ። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት የሚባለው ይኸው ነው። ሰውየው የመጣው ስለ መጽሐፍ ሊጫወት ነው። ምዕራፉ ውስጥ የሕፃን ሞት፣ መደፈር፣ ሬሳ ካለ ቀደም ብላችሁ በመልእክት ንገሩ። መሀል ላይ ተነስቶ የሚወጣ ካለ «ወዴት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ አይኑር።

ራሱ መናገር ከጀመረ ግን መጽሐፉን ዝጉት። ወደ ገጹ ለመመለስ አትቸኩሉ። «እኛም እኮ» ብሎ የራሱን የሚያስከትል ሰው ካለ አስተባባሪው በዓይኑ ይያዘው።

አንድ ጊዜ ስለ ስንዴ እደላ የሚያወራ ምዕራፍ ይዘን ነበር። ጸሐፊው ኪሎውን፣ ከረጢቱን፣ የመኪናውን ብዛት በዝርዝር ጽፏል። በዕድሜ ከፍ ያሉ አንዲት አባላችን እስከ መጨረሻው ሰምተው፣ «ስንዴውስ መጣ፤ ወፍጮው የት አለ?» አሉ። ጥሬውን እንደያዙ ወፍጮ ፍለጋ እንደዞሩ፣ ሲያጡ ቀቅለው ንፍሮ እንዳደረጉት፣ ለንፍሮውም ማገዶ እንደጠፋ፣ የልጆቹ ሆድ እንዳልቻለው አወሩን። ምዕራፉን እንደገና ገለጥነው። ስለ ወፍጮ አንድም ቃል የለውም። ለጸሐፊው ሥራው የሚያልቀው ከረጢቱ ከመኪና ሲወርድ ነበር፤ ለእሳቸው የሚጀምረው ከዚያ ነው። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም የእደላ ታሪክ ስናነብ «ወፍጮውስ?» ማለት የክበባችን ወግ ሆኗል።

የእርዳታ ድርጅት ሠራተኛ የሆነ አባል አለን። እንዴት እናሳትፈው?

እድለኞች ናችሁ። በነዚህ መጽሐፎች ውስጥ ከሁሉ የሚያንሰው የአገር ልጅ ሠራተኛው ነው። ሾፌሩ፣ መዝጋቢው፣ አስተርጓሚው፣ የመጋዘን ጠባቂው። እንግዳው በወራት ይቀያየራል፤ እነሱ ግን እዚያው ናቸው፣ ዝርዝሩ ውስጥ ያልገባው ጎረቤታቸው ማታ የሚያንኳኳውም የእነሱን በር ነው።

ስለ መሥሪያ ቤቱ ምስጢር አትጠይቁት። ስለ ሥራው ጠይቁት። ዝርዝር እንዴት ይዘጋጃል? የቀበሌ ኮሚቴው እነማንን ያካትታል? ሚዛን ላይ ጭቅጭቅ ሲነሳ ምን ይደረጋል? መጽሐፉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያለፈውን እሱ ግማሽ ሰዓት ይተርክላችኋል።

ገለልተኝነት ላይ ሁልጊዜ ክርክር ይነሳል። እንዴት እንያዘው?

ክርክሩ ይነሳ! የዘውጉ ትልቁ ጥያቄ እሱ ነው። እርዳታ ሰጪ ክፉ ነገር ሲያይ ይናገር ወይስ አፉን ዘግቶ ይሥራ?

በሐሳብ ደረጃ ብቻ ከተወራ ይደርቃል፤ ስለዚህ ይህን ታሪክ ይዛችሁ ግቡ። ድንበር የለሽ ሐኪሞች የሚባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1971 ፈረንሳይ ውስጥ በሐኪሞችና በጋዜጠኞች ተቋቋመ። ከመሥራቾቹ ጥቂቶቹ በናይጄሪያ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ቢያፍራ ውስጥ በቀይ መስቀል ሥር ሠርተው በዝምታው የተማረሩ ነበሩ። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ኢትዮጵያ ገባ፣ ኮረምም ሠራ። በዚያው ጊዜ ደርግ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ሕዝብ እያነሳ ወደ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ጋምቤላና መተከል ያሰፍር ነበር፤ በጥቅሉ ወደ 600,000 የሚጠጋ ሰው። ብዙው በግድ ነው የሄደው። የፈረንሳዩ ቡድን ይህን በአደባባይ አወገዘ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1985 ከአገር ተባረረ። ሌሎች ድርጅቶች ደግሞ «ከተናገርን እንባረራለን፣ ስንወጣ የሚሞተው ሕዝቡ ነው» ብለው ዝም ብለው ሥራቸውን ቀጠሉ።

ማን ልክ ነበር? ክበባችን ለሁለት ተከፍሎ ቀረ። እኔ የተናገሩት ይበልጡብኛል፤ አንድ የጤና ባለሙያ አባላችን ደግሞ «አንተ በሽተኛ ትተህ ወጥተህ አታውቅም» ብሎኛል። መልስ የለኝም።

ለኛ ይህ ያለፈ ታሪክ አይደለም። በቅርብ ዓመታት ከወለጋ ተፈናቅለው ደብረ ብርሃን ከተጠለሉት መካከል ወላጆቻቸው በዚያ ዘመን የሰፈሩ አሉበት። አንድ ቤተሰብ በሁለት ትውልድ ሁለቴ ከቀዬው ተነቅሏል ማለት ነው። ያኔ የተናገሩት ምን አተረፉ፣ ዝም ያሉትስ? ይህን ጥያቄ ፓሪስ ያለ አንባቢ እንደኛ አያነሳውም።

ነገሩ ወደ ፖለቲካ ከሄደስ?

ይሄዳል። አስተባባሪው አንድ ዓረፍተ ነገር ይዞ ይጠብቅ፦ «ይህ መጽሐፉ ውስጥ አለ?» ካለ ይቀጥል። ከሌለ ለቡናው ሰዓት ይቆይ። የዛሬውን ግጭት በተመለከተ ማን ምን እንዳለ ከክፍሉ ውጭ እንዳይወጣ መጀመሪያ ላይ ተስማሙ። ድምፅ አይቀረጽ፣ ቪዲዮ አይነሳ።

የመጽሐፉን ፎቶዎች እናሳይ?

የ1977ቱን ረሃብ ዓለም ያወቀው በምስል ነው። ኬንያዊው መሐመድ አሚን ኮረም ላይ የቀረጸው፣ ማይክል በርክ የተረከው ዘገባ በቢቢሲ የተላለፈው ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ነው። ያ ምስል ስንዴ አምጥቷል፤ ለብዙ ዘመንም ኢትዮጵያዊ ሲባል ያ ፊት ብቻ እንዲታይ አድርጓል። ሁለቱም እውነት ነው።

እኛ ሊሞት የደረሰ ልጅ ፎቶ ግድግዳ ላይ አጉልተን አናሳይም። ያችን እናት የሚያውቅ ሰው ክፍሉ ውስጥ ሊኖር ይችላል። የፎቶውን መግለጫ ጽሑፍ ግን እናነባለን። ቦታው ተጽፏል? ሲነሱ ተጠይቀው ነበር? ሌላው ቀርቶ ዓመተ ምሕረቱ አለ? ብዙ ጊዜ ከምስሉ ይልቅ መግለጫው ነው የሚያወያየው።

ካነበብን በኋላ ገንዘብ አዋጥተን መጠለያው ድረስ ብንሄድስ?

ልባችሁ ከፈቀደ ሂዱ። ከክበቡ ጋር ግን አታያይዙት። መዋጮ ሲነሳ ያለው ይሰጣል፣ የሌለው ያፍርና በሚቀጥለው ወር ይቀራል። ደግሞ ከመጠለያው የመጣ አባል ካላችሁ በአንድ ምሽት ከአንባቢነት ወደ ተመጽዋችነት ታወርዱታላችሁ። የምትሄዱ ከሆነ በየግላችሁ፣ ምን እንደሚያስፈልግ አስቀድማችሁ ጠይቃችሁ፣ ካሜራችሁን ቤት ትታችሁ።

ቀጥሎ ምን እናንብብ?

ከውጭ ሰው መጽሐፍ ቀጥሎ የአገር ሰው የጻፈውን። በ1977 የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን ኮሚሽነር የነበሩት ሻለቃ ዳዊት ወልደ ጊዮርጊስ ከአገር ከወጡ በኋላ ስለዚያ ረሃብ በእንግሊዝኛ የጻፉት መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1989 ታትሟል። እሳቸው ነርስ አልነበሩም፣ ባለሥልጣን ነበሩ። ስለዚህ ስለ ከረጢቱ ሳይሆን ከረጢቱን ስላዘገየው ስብሰባ ያወራሉ። ባለሥልጣን ማስታወሻ ሲጽፍ ራሱን እንደሚከላከል ሳትዘነጉ አንብቡት። የነርሷን አንድ ምዕራፍና የኮሚሽነሩን አንድ ምዕራፍ፣ ስለ አንድ ወር የሚያወሩትን መርጣችሁ፣ በአንድ ቀን ይዛችሁ ቅረቡ። ወረቀቱንም ለሁለቱም ለጥፉ። እኛ ለሚቀጥለው ወር የያዝነው ይህንን ነው፤ የምዕራፍ ክፍፍሉም አልቋል።